ተዳፋት ላይ ያለ ግቢና ዘይት የጠጣ አፈር፦ ከውሃው ጀምሩ

ድሬዳዋ ላይ ዝናብ ብርቅ ነው፤ ተዳፋት ላይ የሚሠራውን ሰው የሚያዘናጋውም ይኸው ነው። አፈሩ ከዓመት ዓመት ደርቆና ጠንክሮ ይታያል። ባለቤቱም ከላይ አንድ ክፍል ይጨምራል፣ መሃል ላይ ግንብ ይደረድራል፣ ከታች ያለውን ቦታ ለጋራዥ ያከራያል። ከዚያ አንድ ሌሊት ይዘንባል። ግንቡ ሆዱን ይነፋል፣ ከጋራዡ ሥር የተጠራቀመው ጥቁር ውሃም ቁልቁል ወደ ጎረቤት ግቢ ይወርዳል። ከተማችንን የሚያቋርጠውን የደቻቱን ወንዝ የሚያውቅ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም። ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ሰው የሚመላለስበት ደረቅ አሸዋ ነው፤ በሐምሌ 1998 መጨረሻ ግን ከላይ ከተራራው የወረደው ጎርፍ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ነጠቀን።

የተዳፋት ጉዳይ የሲቪል ኢንጂነር ሥራ ነው፣ የተበከለ አፈር ደግሞ የአካባቢ ጥበቃ ሰው ሥራ ነው ይባላል። ቢሮ ውስጥ ልክ ነው። ግቢ ውስጥ ግን አንድ ላይ ነው የሚመጡት። ተዳፋቱን የሚጥለው ውሃ ነው፤ ናፍታውን ከጋራዥ ወለል ይዞ ወደ ከርሰ ምድር የሚወርደውም ውሃ ነው። ስለዚህ እኔ ብሆን ሁለቱንም ሥራ የምጀምረው ከቦይ ነው እንጂ ከሲሚንቶ አይደለም። ደግሞ ድሬ የምትጠጣው ከመሬት ውስጥ የሚወጣ ውሃ ነው፤ ሳቢያን ያሉት ጉድጓዶች ከከተማው እምብዛም አይርቁም። እኛ ወለላችን ላይ የምንደፋው ነገር የትም አይሄድም፣ ዞሮ ወደ ጀሪካናችን ነው።

አካፋ ከማንሳታችሁ በፊት

ግቢውን ከላይ እስከ ታች በእግራችሁ ዙሩት። አናቱ ላይ፣ ከተዳፋቱ ጠርዝ ጋር አብሮ የሚሄድ ስንጥቅ አለ? አጥሩ፣ የመብራት ምሰሶው ወይም ዛፉ ወደ ታች አዘንብሏል? ታች እግሩ ላይ አፈሩ አብጧል? ድሮ ያለ ችግር ይዘጋ የነበረ በር አሁን እየያዘ ነው? በበጋ፣ ያ ሁሉ ፀሐይ ባለበት፣ አንድ ቦታ ብቻ ለምለም ሣር ወይም እርጥበት ካያችሁ ደስ አይበላችሁ። ምንጭ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ያለ ጎረቤት ሴፕቲክ ታንክ ወይም የተሰበረ ቧንቧ ነው።

ስንጥቅ ካለ ከወዲህና ከወዲያ አንዳንድ የፌሮ ቁራጭ ትከሉ። በመሃላቸው ያለውን ርቀት በሜትር ለኩና ከነቀኑ ጻፉት፣ በስልክም ፎቶ አንሱት። በየሳምንቱ ድገሙት፤ ከዘነበ ግን ሳምንቱን አትጠብቁ፣ በማግስቱ ለኩ። ርቀቱ ካልተለወጠ የማሰቢያ ጊዜ አላችሁ። በዝናብ እየሰፋ ከሄደ፣ ወይም ከተዳፋቱ እግር የሚወጣው ውሃ ድንገት ከደፈረሰ፣ ይህን ጽሑፍ ተዉትና ሰዎቹን ከቤት አስወጡ። በዚያ ሰዓት እግሩ ላይ ቆፍሬ ላስተካክል የሚል ሰው ናዳውን ራሱ ላይ ነው የሚጠራው።

ቁልቁለቱ ምን ያህል እንደሆነ ለመለካት የስልክ አፕ ይበቃል። ስልኩን ካላመናችሁት የ1 ሜትር ጣውላ ውሰዱ፣ አንዱን ጫፍ ተዳፋቱ ላይ አሳርፋችሁ በውሃ ልክ አግድም ያዙት፣ ከሌላው ጫፍ እስከ መሬት ያለውን ቁመት ለኩ። 47 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ተዳፋቱ 25 ዲግሪ ገደማ ነው።

አሁን አንድ ስሌት እንሥራ፤ ካልኩሌተር ብቻ ነው የሚፈልገው። ሸክላ የሌለበት አሸዋ ተዳፋት ላይ የሚቆመው ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ስለሚፋተጉ ነው። የፍትጊያው አንግል ላላ ላለ አሸዋ ከ30 እስከ 34 ዲግሪ አካባቢ ነው። የዚህን አንግል ታንጀንት (ካልኩሌተር ላይ tan የሚለው) ለተዳፋቱ አንግል ታንጀንት አካፍሉት፤ የሚወጣው ቁጥር ተዳፋቱ ምን ያህል አስተማማኝ እንደሆነ ይነግራችኋል። ከ1 በታች ከሆነ ይወርዳል። ኢንጂነሮች ለቋሚ ተዳፋት 1.5 አካባቢ ማየት ይፈልጋሉ። አሸዋው 34፣ ተዳፋቱ 25 ዲግሪ ቢሆን 0.67 ለ0.47 ሲካፈል ወደ 1.45 ይሰጣል። ክፉ አይደለም። ያው አሸዋ እስከ ላይ ውሃ ጠጥቶ ውሃው ቁልቁል በውስጡ ሲፈስ ግን ቁጥሩ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ 0.74 ይሆናል። ማንም አልቆፈረም፣ ማንም ክብደት አልጫነበትም። ውሃው በቅንጣቶቹ መሃል ገብቶ እርስ በርስ የሚጫኑበትን ኃይል ቀነሰባቸው፣ በቃ። ዓመቱን ሙሉ ልጆች የሚሯሯጡበት ተዳፋት በአንድ ከባድ ዝናብ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ስሌት ግን ለአሸዋ ነው። አፈራችሁ ምን እንደሆነ ለማወቅ የሃይላንድ ጠርሙስ ሲሶውን አፈር፣ የቀረውን ውሃ ሙሉ፣ በደንብ ናጡትና አስቀምጡት። አሸዋው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ታች ይሰፍራል፣ ደለሉ በሰዓታት፣ ሸክላው በማግስቱም ውሃውን አደፍርሶት ታገኙታላችሁ። ሌላው መንገድ እርጥብ አፈር በመዳፍ ማንከባለል ነው። 3 ሚሊ ሜትር እስኪቀጥን ድረስ ሳይበጣጠስ ክር ከሆነ ሸክላ አለበት። ድሬ ታች ሜዳው ላይ በብዛት የምታገኙት ጎርፍ ከተራራ ያመጣው አሸዋና ጠጠር ነው። ወደ ሐረር ስትወጡ ግን ሸክላማ አፈር ይበዛል፤ እሱ ደግሞ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ውስጥ ደግሞ የሚቀጥለው ዝናብ ይገባል።

ወደ ሐረር በሚያወጣው የደንገጎ መንገድ ላይ የምታዩት የተንጠለጠለ ድንጋይ ሌላ ጉዳይ ነው። የአለት ናዳ በስንጥቆቹ አቅጣጫ ነው የሚወሰነው፤ ከላይ ያለው ስሌት አይነካውም። ከቤታችሁ በላይ እንደዚያ ያለ ድንጋይ ካለ ጂኦሎጂስት ጥሩ፣ ራሳችሁ በድጅኖ አትነካኩት።

ውሃውን ማስወጣት

ጣሪያችሁ 100 ካሬ ሜትር ነው እንበል። በአንድ ዝናብ 50 ሚሊ ሜትር ቢወርድ 5,000 ሊትር ውሃ ነው፤ 25 በርሜል። ይህን ሁሉ አሸንዳ በሌለው ቆርቆሮ ተዳፋቱ አናት ላይ እየደፋችሁ ከታች ድጋፍ ግንብ ማሠራት ገንዘብ መጣል ነው። መጀመሪያ አሸንዳ፣ ከአሸንዳው ቱቦ፣ ቱቦው እስከ ታች ቦይ ድረስ። መሃል ላይ አትልቀቁት። ሮቶ ካላችሁ ወደ እሱ ይግባ፤ ድሬ ላይ ውሃ ተርፎት የሚደፋ ሰው አላየሁም።

ቀጥሎ ከላይ ከሌላ ሰው መሬት የሚመጣውን መጥለፍ ነው። ከተዳፋቱ ጠርዝ ከ2 እስከ 3 ሜትር ወደ ኋላ ገብታችሁ አግድም ቦይ ቁፈሩ፤ በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ወደ ጎን ይሂድ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ቆፍሮ ይተወዋል። ያልተለሰነ ቦይ ተዳፋት አናት ላይ ካለመኖሩ ይብሳል፤ ውሃውን ሰብስቦ በቀጥታ ወደ ሆዱ ያጠጣዋልና። በድንጋይና በሲሚንቶ ይለሰን፣ አቅም ከሌለ ቢያንስ ወፍራም ፕላስቲክ ይነጠፍበት። መውጫውም የጎረቤት ግድግዳ ላይ እንዳይሆን፤ የአንዱ ቦይ የሌላው ጎርፍ ሆኖ ቀበሌ ስንት ሰው ተካሷል።

ፌስታል! ከመጀመሪያው ዝናብ በፊት ቦዩን ጥረጉ። የጫት ፌስታል የደፈነው ቦይ ሞልቶ የሚፈሰው እናንተ በማትፈልጉት ቦታ ነው፣ ሁልጊዜ።

ያየናቸውን ስንጥቆች በሸክላ አፈር እየጠቀጠቃችሁ ድፈኑ። አይጠግናቸውም፣ ግን ዝናቡን ያግዳል። ቋሚው ሥራ እስኪጀመር ሸራ ማልበስም አያሳፍርም።

ሴፕቲክ ታንካችሁ ወይም የጉድጓድ ሽንት ቤታችሁ ከተዳፋቱ በላይ ከሆነ ሁለት ጥፋት ነው የሚሠራው። ተዳፋቱን በበጋም ያርሰዋል። ናይትሬቱ ደግሞ ወደ ታች ይወርዳል፤ በድሬ የከርሰ ምድር ውሃ ናይትሬት ከፍ ብሎ መገኘቱ ደጋግሞ የተጠና ጉዳይ ነው፣ ሽንት ቤትና ሴፕቲክም ከዋናዎቹ ተጠያቂዎች ናቸው። የማያፈስ ታንክ ሠርቶ በቦቴ ማስመጠጥ ይወደዳል፣ አውቃለሁ። ግን ከድጋፍ ግንብ በፊት ለዚህ ብታወጡ እመርጣለሁ።

እግሩን መያዝ

የተዳፋት እግር ማለት ከላይ ያለውን ሁሉ ተሸክሞ የቆመው ክፍል ነው። ለመኪና ማቆሚያ ብላችሁ እሱን አትቁረጡት። ቆርጣችሁ ከሆነም ክብደት መልሱለት።

ለእኛ አገር ጋቢዮን፣ ማለትም ድንጋይ የሚሞላበት የሽቦ መረብ ሳጥን፣ የሚመች ነገር ነው፤ ድንጋይ አለ፣ ጉልበት አለ፣ ውሃም ያሳልፋል። የተለመደው ሳጥን 2 በ1 በ1 ሜትር ነው። ድንጋዩ ከ15 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር የሚሆን፣ ጠንካራ፣ በመዶሻ ስትመቱት የሚጮኽ ይሁን። ከመረቡ ቀዳዳ የሚያንስ ድንጋይ አታስገቡ፣ ሾልኮ ይወጣል። በሎደር አትገልብጡት፤ ሰው በእጁ እየደረደረ፣ ፊት ለፊቱን ጠፍጣፋ እያደረገ ይሙላው። በደንብ የተሞላ አንድ ሳጥን ከ3 ቶን በላይ ይመዝናል፤ ሥራውን የሚሠራው ይህ ክብደት ነው። አንድ ሦስተኛው በሞላ ቁጥር የፊቱንና የኋላውን መረብ በሽቦ አስተሳስሩ፣ አለዚያ ሆዱ ይነፋል። ሳጥኖቹን እርስ በርስ ሳታስሩ ደርድራችሁ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ባትጀምሩት ይሻላል።

ከታች አፈሩ ጠንካራ እስኪሆን ቆፍራችሁ አስተካክሉ። ግንቡ ወደ ተዳፋቱ ትንሽ ይደገፍ፣ 6 ዲግሪ ያህል። የመሠረቱ ስፋት ከቁመቱ ግማሽ በታች አይሁን። ከኋላው ጂኦቴክስታይል አንጥፉ፤ አፈሩን አስቀርቶ ውሃውን የሚያሳልፍ ጨርቅ ነው። ከሌለ ጋቢዮኑ ውሃውን ከነአፈሩ ያሳልፍና ከኋላው ባዶ ጉድጓድ ይፈጠራል። ከ1.5 ሜትር በላይ ከፍ የሚል ከሆነ፣ ወይም ከላዩ ቤት ካለ፣ ኢንጂነር ይሥራው። ይህን ያልኩት ራሴን ከተጠያቂነት ለማዳን አይደለም። ቁመቱ በእጥፍ ሲጨምር አፈሩ ግንቡን የሚገፋበት ኃይል በአራት እጥፍ ነው የሚጨምረው፤ የግንበኛ ልምድ የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው።

የድንጋይ ግንብ በሲሚንቶ ከሆነ ማፍሰሻ ቀዳዳ የግድ ነው። 7.5 ወይም 10 ሳንቲ ሜትር የፕላስቲክ ቱቦ በየ1.5 ሜትሩ፣ ወደ ውጭ ዘንበል አድርጋችሁ ቅበሩ፤ የታችኛው ረድፍ ከመሬት ትንሽ ብቻ ከፍ ይበል። ከኋላ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ንጹሕ ጠጠር ሙሉ። ግንብ የሚወድቀው በአፈሩ ክብደት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ሄዳችሁ የወደቁትን እዩ፤ አብዛኞቹ ቀዳዳ የላቸውም፣ ወይም ቀዳዳው ለይስሙላ ተሠርቶ ከኋላው ሸክላ ተሞልቷል። ለመሙያ ገረጋንቲ ተጠቀሙ፣ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ እየጠቀጠቃችሁ። የቆፈራችሁትን ሸክላ መልሳችሁ አትሙሉት።

የቀረውን ፊት ሣር ይያዘው። ቬቲቨር ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ለቡና ማሳ ተብሎ በጅማ በኩል ነው፣ ከ50 ዓመት በፊት ገደማ። ሥሩ ወደ ጎን አይሄድም፣ ቁልቁል ነው የሚወርደው፤ በጥሩ አፈር ከ2 ሜትር በላይ ይዘልቃል። የአንዲት ቀጭን ሥር የመሳብ ጥንካሬ በአማካይ 75 ሜጋፓስካል ያህል ተለክቷል፤ ይህ ከተራ ብረት አንድ ስድስተኛ ገደማ ነው። በችግኞቹ መሃል ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር፣ ረድፉም በአንድ ከፍታ አግድም ይሂድ፤ ቁመቱ 1 ሜትር በጨመረ ቁጥር አንድ ረድፍ። የምትተክሉት ዝናብ ሲገባ ነው። ድሬ ላይ ግን ተክሎ መሄድ አይሠራም፤ ዝናቡ ሲቋረጥ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ወራት ውሃ ካላጠጣችሁ ደርቆ ይቀራል። ፍየል ደግሞ ለጋውን አይምርም። አጥር ከሌለ ለፍየል ቀለብ ነው የተከላችሁት።

ፕሮሶፒስ የሚባለውን ወራሪ ዛፍ ትከሉ የሚል ሰው አይጠፋም፤ ሥሩ ጥልቅ ነው፣ ድርቅም ይችላል። በፍጹም። በድሬ ዙሪያና በአፋር ሜዳውን ምን እንዳደረገው እያየን ወደ ግቢ የምናስገባበት ምክንያት የለም።

ዘይት የጠጣው አፈር

ምንጩን ሳትዘጉ አፈሩን ማከም ከንቱ ነው። ጋራዡ የተቃጠለ ዘይት መሬት ላይ መድፋቱን ያቁም፣ ሥራው የሚሠራበት ቦታ አርማታ ይደረግ፣ ዙሪያው ጠርዝ ይኑረው፣ ዘይቱ በርሜል ውስጥ ይጠራቀም። አዋጅ ቁጥር 300/1995 አካባቢን መበከል ይከለክላል፣ አደገኛ ቆሻሻን በተመለከተ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1090/2010 አለ፤ ተከራዩ ካስቸገረ እነዚህን ጠቅሳችሁ አነጋግሩት።

ከዚያ ምን ያህል ጥልቀት እንደገባ ፈልጉ። ጥቁሩ መሃል ላይ አንድ፣ ከሱ ራቅ ብላችሁ ወደ ታችኛው በኩል ሁለት ሦስት ጉድጓድ ቆፍሩ። በየ30 ሳንቲ ሜትሩ ጥልቀት ናሙና ውሰዱ። ለዘይትና ለናፍታ የመስታወት ዕቃ ተጠቀሙ፣ እስከ አፉ ሙሉት፣ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡት። ለብረታ ብረት ንጹሕ የፕላስቲክ ከረጢት ይበቃል። ንጹሕ መሆኑን ከምታምኑበት የግቢው ጥግም አንድ ናሙና ይኑር፣ አለዚያ የምታወዳድሩት ነገር የላችሁም። አፍንጫችሁን አስጠግታችሁ አታሽትቱ። ጓንት አድርጉ።

ላብራቶሪው ሁለት ነገር ይለካላችሁ፦ ጠቅላላ የነዳጅ መጠን እና እርሳስ። መንገዱ እዚህ ላይ ለሁለት ይከፈላል። ነዳጅ ባክቴሪያ ይበላዋል። እርሳስን የሚበላው የለም። ባትሪ የሚጠገንበት ቦታ ከነበረ እርሳስ አለ ብላችሁ ጀምሩ።

አፈሩ ናፍታ ብቻ ከሆነ የድሬ ሙቀት ለአንድ ጊዜ እንኳ ይጠቅመናል። ነዳጅ የሚበሉት ባክቴሪያዎች አፈሩ ውስጥ አሉ፤ አየር፣ እርጥበትና ናይትሮጅን ነው ያጡት። የተበከለውን አፈር አውጥታችሁ ወፍራም ፕላስቲክ ባነጠፋችሁበት ደልዳላ ቦታ ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ዘርጉት፤ ዙሪያውን ከፍ ያለ ጠርዝ ይኑረው፣ ሲዘንብ በሸራ ይሸፈን። ተዳፋቱ አናት ላይ በፍጹም አትዘርጉት። ድንጋዩን ልቀሙ።

ማዳበሪያውን አስሉ እንጂ አትበትኑ። ለ100 እጅ ካርቦን 10 እጅ ናይትሮጅንና 1 እጅ ፎስፈረስ የሚለው የተለመደ መነሻ ነው። 1 ሜትር ኩብ የተፈታ አፈር 1,600 ኪሎ ግራም ቢሆንና ከመቶ አንድ እጁ ናፍታ ቢሆን 16 ኪሎ ናፍታ አለ፤ ከዚያ ውስጥ ወደ 13.6 ኪሎው ካርቦን ነው። ስለዚህ 1.4 ኪሎ ያህል ናይትሮጅን ይፈልጋል። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ስለሆነ 3 ኪሎ ዩሪያ ይበቃል፤ ፎስፈረሱን 1 ኪሎ የማይሞላ ኤንፒኤስ ማዳበሪያ ይሸፍነዋል። ይህን በአንድ ቀን አትጨምሩት፣ በሦስት አራት ጊዜ ከፋፍሉት። ከበዛ ጨው ሆኖ ባክቴሪያውን ይጎዳል፣ ያልተበላው ደግሞ ናይትሬት ሆኖ ይወርዳል፤ ያ ችግር ከተማው አስቀድሞ ሞልቶታል።

እርጥበቱ በእጅ ሲጨበጥ የሚያያዝ ግን ውሃ የማይንጠባጠብ ይሁን። በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ በአካፋ ገልብጡት። የበሰለ ፍግ ወይም ኮምፖስት ጥቂት ብትቀላቅሉ አየር ያስገባል። ናፍታ በወራት ውስጥ በጣም ይቀንሳል፤ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ግን ከባድ ነው፣ ከዓመት በላይም ሊወስድ ይችላል፣ በዚያ ላይ የሞተሩን ብረታ ብረት ይዟል። በ1 ኪሎ አፈር ውስጥ ከ50 ግራም በላይ ነዳጅ ካለ ለባክቴሪያዎቹ ራሱ መርዝ ስለሚሆን ከንጹሕ አፈር ጋር መቀላቀል ወይም ሌላ መንገድ መፈለግ ያስፈልጋል። ቤንዚን ከሆነ ደግሞ አትገላብጡት፤ የሚጠፋው ተበልቶ ሳይሆን ተኖ ነው፣ ወደ ሳንባችሁ።

እርሳሱ ሌላ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ልጆች በሚጫወቱበት የመኖሪያ ግቢ አፈር ለብዙ ዓመታት በኪሎ 400 ሚሊ ግራም ይል የነበረውን መነሻ በፈረንጆቹ 2024 ወደ 200 አውርዶታል። ከዚያ በላይ ካላችሁ መጀመሪያ ልጆቹን ከቦታው አርቁ፣ አቧራው እንዳይነሳ ሸፍኑት። ሕክምናው እርሳሱን ማውጣት ሳይሆን ባለበት ማሰር ነው። ፎስፌት ከእርሳስ ጋር ሲገናኝ በውሃ የማይሟሟ ማዕድን ይሠራል። ሲሚንቶ መቀላቀልም ይሠራል፤ ግን በግምት ኖራ የሚደፋ ሰው ይጠንቀቅ፤ እርሳስ አሲድ ውስጥ እንደሚሟሟ ሁሉ አፈሩ ከመጠን በላይ አልካሊ ሲሆንም ተመልሶ ይሟሟል። ይህን ክፍል ያለ ላብራቶሪ አትሞክሩት። ቬቲቨር እርሳስ ያለበት አፈር ላይ ይበቅላል፣ ብረቱንም በአብዛኛው ሥሩ ውስጥ ያስቀረዋል፤ አፈሩ እንዳይታጠብ ለመያዝ ጥሩ ነው፣ ቅጠሉን ግን ለከብት አትስጡ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ዘይት ያለበት አፈር ደካማ አፈር ነው። ዘይቱ ቅንጣቶቹን ስለሚያሞለጭ የፍትጊያ አንግሉን ይቀንሰዋል። ቀደም ብለን በሠራነው ስሌት 34 ዲግሪው ወደ 28 ቢወርድ 1.45 የነበረው ወደ 1.14 ይወርዳል፣ ዝናብ ሳይመጣ። ስለዚህ ጋራዡ ያለው በተዳፋቱ እግር ወይም በአናቱ ከሆነ ሥራው በዚህ ቅደም ተከተል ይሂድ፦ ውሃው ይዘጋ፣ በበጋ በትንሽ በትንሹ፣ ቢበዛ ከ2 እስከ 3 ሜትር ርዝመት እየከፈላችሁ የተበከለው ይውጣ፣ ያወጣችሁበት ቦታ በዚያው ቀን በገረጋንቲ ይሞላ፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ። ጠቅላላውን በአንዴ ቆርጦ ማውጣት እግሩን መቁረጥ ነው።

የመመረቂያ ጽሑፍ ለምትሠሩ

አሁን ፋሽኑ ባክቴሪያ ነው። ስፖሮሳርሲና ፓስቴውሪ የምትባለዋ ባክቴሪያ ዩሪያን ትሰብራለች፣ ካልሲየም ክሎራይድ ሲጨመር የኖራ ድንጋይ በአሸዋው ቅንጣቶች መሃል ይሠራል፣ አሸዋው ይያያዛል። አንዳንድ ብረታ ብረትም እዚያው ውስጥ ይታሰራል፤ ተዳፋት ማጠንከርና የተበከለ አፈር ማከም በአንድ መርፌ የሚባለው ለዚህ ነው። ባክቴሪያ ማሳደግ ካስቸገራችሁ የአኩሪ አተር ጭማቂ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ተመሳሳዩን ሥራ ይሠራል፣ ርካሽም ነው።

ጥሩ ርዕስ ነው። ግን ሒሳቡን ጨርሱ። አሸዋ በግልጽ መጠንከር የሚጀምረው በ1 ሜትር ኩብ 60 ኪሎ ያህል ካልሲየም ካርቦኔት (ያው የኖራ ድንጋዩ) ሲሠራበት ነው። ለዚያ 36 ኪሎ ዩሪያ ይሄዳል፤ 21.6 ኪሎ አሞኒየምም ይወጣል። ያ ሁሉ ወደ ናይትሬት ቢለወጥ 74 ኪሎ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የመጠጥ ውሃ ወሰን በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው፤ ስለዚህ የአንድ ሜትር ኩብ አሸዋ ሕክምና 1.5 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ንጹሕ ውሃ እስከ ወሰኑ ያደርሳል። ይህን ድሬ ላይ፣ ከጉድጓዶቻችን በላይ፣ ሳታጥቡና ሳትሰበስቡ ማድረግ? በላብራቶሪ ሲሊንደር ውስጥ ያማረ ውጤት አሞኒየሙ የት እንደሄደ ካልጻፈ ለኔ ግማሽ ሥራ ነው። አሞኒየሙን መለካትና መያዝ ራሱ ርዕስ ይሁናችሁ።

ሙከራችሁን ስትነድፉ ከተዳፋቱ ያመጣችሁትን አፈር ተጠቀሙ እንጂ የታጠበ የግንባታ አሸዋ አይሁን። ምንም ያልተደረገበት ማወዳደሪያ ናሙና ይኑር፣ እያንዳንዱም በሦስት ይሠራ። ዳይሬክት ሺር (አፈሩን አግድም እየገፉ ጥንካሬውን የሚለካ ፈተና) ስትሠሩ በደረቁ ብቻ አትርኩ፣ ውሃ አጥግባችሁም ፈትኑ፤ የድሬ ተዳፋት የሚወድቀው እርጥብ ሆኖ ነው። ሲሚንቶ ወይም ኖራ ከሆነ በ7 እና በ28 ቀን፣ ከዚያም እያረጠባችሁና እያደረቃችሁ ደጋግማችሁ ፈትኑ። ለብክለት ደግሞ ጥንካሬው ከፍ ማለቱ አይበቃም፤ ውሃ አሳልፋችሁ የወጣውን ውሃ ለኩ። ጠንክሮ እርሳስ የሚያፈስ ድንጋይ ሊኖራችሁ ይችላል።

ወደ ግቢው ስንመለስ፣ የተዘረጋው አፈር መቼ በቃው የሚለውን አፍንጫ አይወስንም። ሽታው ቀድሞ ይጠፋል፣ ከባዱ ዘይት ይቀራል። በመጀመሪያ ናሙና በወሰዳችሁበት ላብራቶሪ፣ በተመሳሳይ ዘዴ፣ ከተዘረጋው አፈር ከተለያየ ቦታ ወስዳችሁ አስለኩ። ውጤቱን ይዛችሁ ወደ አካባቢ ጥበቃ ቢሮ ሂዱ፣ የት መጠቀም እንደሚቻል በጽሑፍ ይንገሯችሁ። ቢፈቀድም ከድጋፍ ግንብ ኋላ አትሙሉት፤ ለመኪና ማቆሚያ ሥር ወይም ለመንገድ ጉድጓድ መሙያ ይሁን። ለአትክልት ቦታ አይሆንም።